የፈረንጇ ድንች

ሚስ ቤሪት ጎጆ ከተማ የገባችው በ1977 ዓ.ም. ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። ልብስ የምታጥብላትና ወጥ የምትሠራላት ሴት ስትፈልግ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ተሻለ ኡርጌን ወሰደላት።

«ደመወዝ እንኳ የላትም» አላት በመንገድ ላይ። «ከኖርዌይ ድረስ በፈቃዷ ሰው ልትረዳ ነው የመጣችው። አትክልት ታስተምራለች።»

ኡርጌ ባሏ ሞቶባት፣ አንድ ልጇ ቀንዓ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶባት ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ከባዶ ቤት ይሻላል ብላ ገባች።

ፈረንጇ ክፉ አልነበረችም። ውኃዋን ራሷ ትቀዳለች፤ እንጨቷን ራሷ ትፈልጣለች፤ ኡርጌንም «አዴ ኡርጌ» ብላ በአክብሮት ትጠራታለች። ግን ውሻ ነበራት። ከበላችበት ሳህን ትራፊውን ለውሻው ታስልሳለች፤ ከዚያ ያንኑ ሳህን በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጋ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች። ኡርጌ ያየች ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። በማግስቱ የራሷን ጣባ ከቤቷ አምጥታ ከፍ ካለ ቦታ ሰቀለች።

የሽንት ቤቱ ነገር ደግሞ ከውሻውም ባሰ። የጎጆ መሬት ክረምት ላይ ውኃ ያፈልቃል፤ ጉድጓድ ቢቆፈር ይሞላና ወደ ምንጩ ይወርዳል ብላ ሚስ ቤሪት ጉድጓዱን አስደፈነችው። በምትኩ አናጢ ጠርታ ባለ ቀዳዳ ሣጥን አሠራች፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠች። የተጠቀመ ሰው አመድና የገብስ ገለባ ይነሰንስበታል። ባልዲው ሲሞላ ራሷ ተሸክማ ከአጥሩ ጀርባ ትከምረዋለች።

«እዚያ ምን ይሠራል?» አለች ኡርጌ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ።

«ዓመት ይተኛል። ከዚያ ለድንቹ ነው።»

«ለድንቹ ምኑ?»

«ምግቡ!» አለች ሚስ ቤሪት፣ ፊቷ በደስታ እየበራ። «አፈር ይበላል፣ ድንች ይበላል፣ እኛ እንበላለን።»

ኡርጌ «ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን እየጠራች ወደ ማድ ቤት ገባች። የከብት እበት ታውቃለች፤ በእበት ለቅልቃለች፣ ኩበት ጠፍጥፋለች። የሰው ግን የሰው ነው። ሰው ከራሱ የወጣውን መልሶ ይበላል የሚል ከየት አገር ይመጣል?

በዚያ ዓመት መጨረሻ ሚስ ቤሪት ተስቦ ያዛትና አልጋ ላይ ዋለች። ባልዲው ሞላ። ማንም አይነካውም፤ ዘበኛው ጉርሙ «እኔ አጥር እንጂ አር ልጠብቅ አልተቀጠርኩም» ብሎ ዞር አለ። ኡርጌ የበሽተኛዋን ማቃሰት እየሰማች ቆየች። በመጨረሻ አፏንና አፍንጫዋን በሻሽ ጠፍራ ባልዲውን አነሣችው። ጭቃው አንሸራተታትና ግማሹ እግሯ ላይ ተደፋ። ሞቅ ያለው ነገር በጣቶቿ መሐል ሲገባ እዚያው ክምሩ አጠገብ ተንበርክካ አስመለሰች። ለቀናት እጇ ለእህል አልቀርብ አላት። ኡርጌ ማለት በአገሩ ቋንቋ «ሽታዋ የጣመ» ማለት ነውና፣ ጎረቤቶቿ በስሟ እየቀለዱ ይሥቁባት ጀመር።

ክምሩ ዓመቱን ተኝቶ ከረመ፤ አፈር መሰለ፤ ድንቹም ተተከለበት። ሲቆፈር የአንዱ ድንች ውፍረት የሁለት እጅ ጭብጥ ሆነ። ኡርጌ ላጠች፣ ቀቀለች፤ አልቀመሰችም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞሲሳ በቁጥጥር ስም እየመጣ እዚያ ቤት መብላት የሚወድ ሰው ነበር። ምልመላው ሲመጣ የራሱን ልጅ አምቦ አጎቱ ዘንድ ሸሽጎ የባልቴቷን የኡርጌን ልጅ የላከ እሱ ነው። ድንቹ በተቆፈረ ሰሞን በመጣበት ቀን ሚስ ቤሪት ክሊኒክ ነበረች። ኡርጌ ድንቹን በቅቤና በሚጥሚጣ አሽታ፣ ያለ አንዲት ቃል አቀረበችለት።

ሊቀመንበሩ በላ። ቅቤው በአገጩ እየወረደ፣ ጣቱን እየላሰ በላ። ኡርጌ ከበሩ ቆማ እያንዳንዱን ጉርሻ ተከተለችው። ደስ አላት። ብላ፤ ጥገብ፤ አለች በልቧ።

«አዴ ኡርጌ፣ ይህ ምን ዓይነት ድንች ነው? እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» አለ። ዘበኛውንም ከደጅ ጠርቶ፣ «በል ጉርሙ፣ አንድ ጆንያ ሙላልኝ፤ ልጆቼም ይቅመሱ።»

ከልጆቹ ትንሿ በየጠዋቱ በኡርጌ ደጅ ወደ ምንጭ የምትወርድ፣ ገና ጥርሷ ያልተተካ ልጅ ነበረች። ኡርጌ የልጅቷ አፍ ለዚያ ድንች ሲከፈት ታያት። ባልዲው እግሯ ላይ ከተደፋበት ቀን ይልቅ አሁን ራሷን ተጸየፈች።

«ኦቦ ሞሲሳ፣ አይውሰዱት» አለች። «የበቀለው በሰው አር ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ከአጥሩ ጀርባ ያለው ክምር። የፈረንጇ፣ የኔ፣ የጉርሙ።»

ሰውዬው መጀመሪያ ሣቀ። ከዚያ ጉርሙን አየው፤ ጉርሙ መሬት መሬቱን ያያል። ሊቀመንበሩ አፉን በእጁ ይዞ ሮጠ፤ በረንዳው ላይ ሳይደርስ ሁሉንም መለሰው። ውሻው ቀርቦ ማሽተት ሲጀምር ኡርጌ ፊቷን አዞረች።

«አውቀሽ ነው ያበላሽኝ!» አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«አዎ፣ አውቄ ነው» አለች። «ለልጆችዎ ግን አልቻልኩም።»

ወሬው በገበያ ቀን ከተማውን ሞላው። ሊቀመንበሩ ኡርጌን ሊያሳስራት ፈልጎ ነበር፤ ግን ክሱን ሲናገር ምን እንደ በላ አብሮ መናገር ስላለበት ተወው። ጓሮውን «የማኅበሩ መሬት ነው» ብሎ ነጠቀ። የሚስ ቤሪት አለቆችም ጸቡን ፈርተው ወደ አምቦ አዛወሯት።

«ንጹሕ ነበር፤ ዓመት ተኝቷል» እያለች አለቀሰች፣ ዕቃዋ መኪና ላይ ሲጫን። «ለምን እንደ መርዝ ነገርሽው?»

ኡርጌ የሊቀመንበሩንና የልጇን ነገር በምን ቃል ታስረዳት? ሚስ ቤሪት አቅፋ ልትስማት እጆቿን ዘረጋች። ጥፍሮቿ ሥር የጓሮው አፈር ጠቁሮ ነበር። ኡርጌ ይህች ሴት እንዳከበረቻት፣ ከማንም በላይ ስለ ቀንዓ እንደ ጠየቀቻት ታውቃለች። ልቧ ቅረቢ አላት፤ ሆዷ ግን እንቢ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ በነጠላዋ የተጠቀለለ ክንዷን ብቻ አስጨበጠቻት።

መኪናው በጭቃው እየተንገዳገደ ቁልቁል ወረደ።