በሰፌድ ላይ የዞርነው አገር

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። እዚህ መርሳ፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር፣ መኪናዋ ቆማ የኖረችበት ቦታ እስከ ዛሬ ሣር አላበቀለም። የልጅ ልጆቼ ለበዓል ሲመጡ እዚያች መላጣ መሬት ላይ ይቀመጡና «እምዬ፣ እውነት በዚያች ቮልስ አገር ልትዞሩ ነበር?» ይሉኛል። እየሳቁ ነው። አይከፋኝም፤ በነሱ ዕድሜ ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩምና እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።

ሽማግሌዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጉልበታቸውን የጨረሱት መንገድ ላይ ነው፤ አሰብ ብትሉ፣ መተማ ብትሉ፣ ያልደረሱበት የለም። እኔ ደግሞ በእግሬ ነኝ። ማንጎና ብርቱካን ሲደርስ ፍራፍሬ፣ ሳይደርስ መርፌና ክር፣ ኩልና ማበጠሪያ ተሸክሜ ገበያ ለገበያ ነው የኖርኩት። ከውርጌሳ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ሐራ። በዚያ መንገድ ያላረፍኩበት ጥላ፣ ውሃ ያልለመንኩበት ደጃፍ የለም። ቤት መቀመጥ አልወድም ነበር፤ እግሬ ይበላኛል። ሽማግሌዬ በዚህ ይቀልዱብኛል።

«እኔ ዘዋሪ፣ አንቺ ዟሪ። አንዲት ፊደል ናት የለየችን» ይሉኝ ነበር።

«ፊደሏን አንቱ ያውቃሉ፤ አቧራውን እኔ» እላቸዋለሁ።

ቀልድ ነው እንጂ የለየን ፊደል ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የሾፌር ሚስት ጋቢና አትገባም። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ረዳቱ ነው፣ ወይ ባለ ጭነቱ። እሳቸው ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ የአባይ በርሃ ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ ከታች የሚወጣ ይመስላል ብለው ያወሩልኛል። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። የኔ አገር ዳርቻው ግን በዚህ ውርጌሳ፣ በዚያ ሐራ ነበር።

ሥራ ሲያቆሙ አንዲት ቮልስ አገኙ። አንድ የጤና ጣቢያ ሰው ከመርሳ ሲነሣ የተዋት፣ የወተት ቀለም ያላት፣ አንድ የፊት መብራቷ የጠፋ። ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። ማንጎው ሥር አስገፍተው አስገቧትና ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩባት። እኔን እስከ መጨረሻው የገረመኝ ሻንጣዋ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ መሆኑ ነው። ጀርባዋን ወደ ፊት አድርጋ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌዬን ያስቸኮላቸው ግን ዓይናቸው ነው። ደሴ ወስደናቸው ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን። እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን እሱም አላወቀ። ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ሐይቅን እስክናልፍ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«እታለም፣ ይሄን ሁሉ አገር ብቻዬን አይቼው ቀረሁ። ዓይኔ ሳይዘጋ ላሳይሽ።»

ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ከአንድ ቦታ ካርታ አመጡ። እኔ ካርታ ምኔ ነው? ቢያዞሩትም ቢያገላብጡትም የደረቀ ቅጠል ጅማት ነው የመሰለኝ። ማሾ እየለቀምኩ ነበርና ሰፌዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። በቆሎ ለትልልቁ ከተማ፣ ማሾ ለትንንሹ፣ ባቄላ ለየሐይቁ፣ ለተራራ የጨው አንኳር። ከሰፌዱ ጠርዝ መርሳን አስቀመጡ። ከዚያ ሲሪንቃ፣ ወልድያ፣ የድልብ ዳገት፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ አባይ፣ አዲስ አበባ፣ ደብረ ሲና፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውርጌሳ፣ ተመልሶ መርሳ። ሰፌዱ ክብ፣ መንገዳችንም ክብ። አንድ ሕግ አወጡ፦ በሄዱበት መንገድ መመለስ የለም።

«ላሊበላን ሳልሳለም ነው ታዲያ የማልፍ?»

«ከጋሸና ገብቶ በዚያው መውጣት ነው፤ ሕጉ ይፈርሳል።»

«በሌላ አይገባም?»

«በኩልመስክ አለ። ኮረኮንቹ የመኪናዋን ሆድ ይቀደዋል።»

«ሕግዎን ሰማይ ቤት ይዘውት ይግቡ እንግዲህ፤ እኔን ግን ጋሸና ያውርዱኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ሳቁ። ለቅዱስ ቦታ ሕግ ይላላል ብለው አንዲት ስንዴ ለላሊበላ አስቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ይሄው ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቀመጣለን፤ ሲደነግዝ እሳቸው ስለማያዩ። አንድ ቀን አንድ ከተማ እንገባለን። የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ማየት እንደሚያምር ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ በየመንገዱ ምን እንደምንበላ እናገራለሁ። የአጥር ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ነፍሷ ንጹሕ፣ ምላሷ ስል። በየማታው አንገቷን ብቅ አድርጋ ትጠይቀናለች።

«እናንተ፣ ዛሬ የት አደራችሁ?»

«ደብረ ታቦር ነን» ይላሉ ሽማግሌዬ።

«ማሻአላህ! ብርዱስ?»

«በጋቢ ነው የያዝነው።»

«አይ፣ ነገ እንኳ ቆላ ግቡ፤ አሮጊቷን በብርድ እንዳትገድሏት!»

አንድ ቀን ዶሮዋ ገብታ ባሕር ዳርን ከነሐይቁ ዋጠችው። ጎረቤቴ ሰምታ «ጣናን ጠጥታ አልሞተችም?» ብላ እያለቀሰች ሳቀች። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው።

መነሣቱ ግን አልሆን አለ። አንዴ ካርቡራተሯ ይደፈናል፣ አንዴ ጎማ ይጠፋል። ጎማው ሲገኝ ቤንዚን የለም ይባላል። ቤንዚን ሲመጣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው የሚል ወሬ። ክረምት ገባ፣ ወጣ። እኔ ዓይናቸውን ነው የማየው። አንድ ምሽት ለአዲስ አበባ በቆሎ ሳይሆን ሽምብራ አስቀመጡ። ሌላ ቀን ጣታቸው ውርጌሳ ላይ አርፎ «ውርጌሳን የት አደረግሻት?» አሉኝ። ጣታቸውን ገፋ አድርጌ «ይቻት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ ማሽላው ሰው ሲደብቅ፣ አንድ ጠዋት «ዛሬ ነው» አሉ። ከፊት ሻንጣዋ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከተትኩ። ባዶ ጀሪካንም ጨመርኩ፤ መንገዱ ወንዝ አያጣም ብዬ። በሾፌር ቤት ያረጀ ሰው መኪና ውሃ እንደሚጠጣ ያውቃል። የጭነት መኪናቸው ዳገት ጨርሶ ሲመጣ እንደ ድስት ሲንተከተክ፣ ሽማግሌዬ በጨርቅ ይዘው ክዳኑን ሲከፍቱ፣ ስንት ጊዜ ቀድቼ አቀብያቸዋለሁ። ጀሪካኑን አይተው ፈገግ አሉና ሻንጣውን ዘጉት።

ጎረቤቴ ደጅ ወጥታ ቆመች። «ዛሬስ በእውን የት ልታድሩ?»

«ጋሸና፣ እሱ ካለ።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ያን ቀን አልቀለደችም።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። በእግሬ ያለቅኩበት መንገድ በመስኮት ሲሮጥ ሳየው ሌላ አገር መሰለኝ። ግን ሩጫም አልነበረ፤ በዝግታ ነው የሚነዱት። አንድ ባጃጅ እየቀደመን ልጁ አንገቱን አወጣና «አባባ፣ ሙሽራ ጭነው ነው?» አለ። ሽማግሌዬ «ታዲያ ምን መሰለህ!» ብለው መለሱለት። ሁለታችንም ሳቅን። «በግራሽ ተራራውን እዪ» ይሉኛል። አያለሁ። «ደመና አለበት?» ይሉኛል። «አለበት» እላለሁ።

ሲሪንቃን እንዳለፍን በጎች መንገድ ያቋርጡ ነበር። እኔ አየኋቸው፣ እሳቸውም ያዩአቸው መስሎኝ ዝም አልኩ። መኪናዋ አልቆመችም። «በጎች!» ብዬ ስጮህ ነው የረገጡት። የመጨረሻዋ በግ ላቷን እያወዛወዘች ተረፈች፤ እረኛዋ ሴትዮ በትሯን አንሥታ የማልደግመውን ስድብ ሰደበችን።

«ፍሬኑ ዘገየ» አሉ።

ዳር ያዙ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆዩ። በጎቹ ሁሉ ማሽላው ውስጥ ገብተው ጠፉ፣ እሳቸው አሁንም ፊት ለፊት ያያሉ። ከዚያ በለሆሳስ «ሞተሩም ግሏል» አሉኝ።

«ውሃ ላምጣላት?»

እጃቸውን ከመሪው አነሡ። «አምጪ» አሉ።

ጀሪካኔን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሩቅ ነው፤ ክረምቱ ገና ስለ ወጣ ውሃው ድፍርስ ነበር፣ እስኪጠል ጠበቅሁ። እግሬንም ነከርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ። ዛሬ ጋሸና ነን እያልኩ ነው የቀዳሁት። ስመለስ ሽማግሌዬ ከመኪናዋ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው። ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ስሄድ ተነሥተው ጀሪካኑን ተቀበሉኝ።

«እኔ አጠጣታለሁ፤ አንቺ ግቢና አረፍ በይ።»

ገባሁ። ከኋላዬ ውሃው ሲንዶቀዶቅ ይሰማኛል፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይፈሳል። ሲመጡ ፊታቸውም የሸሚዛቸው አንገትጌም እርጥብ ነበር።

«ጠጣች?» አልኳቸው።

«ጠጣች። ግን ድልብን አትወጣም። ሞተሯ ደክሟል፣ እታለም።»

ወደ መርሳ ተሳፍሮ የሚሄድ የሚያውቃቸውን ሾፌር ከሚኒባስ አስወርደው «አንተ ንዳ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ሞተሩን ላዳምጥ» አሉት። በሄድንበት መንገድ ተመለስን። ሽማግሌዬ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ ቤት ድረስ ያዳምጡ ነበር።

ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ አለች። አየችን። «ጋሸና ዘንድሮ ቀርባለች» ልትል እንደነበር ከከንፈሯ አወቅሁት፤ ዋጠችውና ገባች።

ገና ሳይከርም ዓይናቸው ጨርሶ ተዘጋ። እኔ መኪናዋን ጠላኋት። ሰው እንደሚጠላ ነው የጠላኋት። ይሄ ሰው ዓይኑ ሳለ ታስቀረው? አቧራዋን አልጠርግላት፣ ዶሮ ቢገባባት አላባርር። ሽማግሌዬ ግን እየዳበሱ ይገቡና መሪውን ይዘው ይቀመጣሉ። «ይተዋት፣ እሷ ናት ያዋረደችን» ስላቸው «አትናገሪያት፤ እሷ ምን አደረገች» ይሉኛል።

ሰፌዱን አልተውነውም። አሁን እህሉን የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ እሳቸው በጣታቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ። «እንግዲህ አንቺ ዘዋሪ ሆንሽ፣ እኔ ዟሪ» አሉኝ አንድ ቀን። ጣታቸውን ይዤ ወደሚቀጥለው ፍሬ መራሁት።

ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሲመጣ ብዙው ሰው ሸሸ። እኛ የት እንሸሻለን? መንገድ ሁሉ ተዘጋ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ገበያው ጠፋ። ተኩስ ሲሰማ ሰፌዱን አምጪ ይሉኛል፤ ደብረ ሲና እንደርሳለን፣ ጉሙ ውስጥ እንገባለን። በኋላ ቤት ውስጥ ያለው እህል አለቀ። በመጨረሻ የቀረን ሰፌዱ ላይ ያለው ነበር። በቆሎውን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን፣ ማሾውን፣ ስንዴዋንም አንድ ላይ ንፍሮ ቀቀልኩት። ሽማግሌዬ አንዷን ፍሬ በጣታቸው አሻሽተው «ይቺ አዲስ አበባ ናት» አሉና አጎረሱኝ።

መንገዱ ተከፍቶ መኪና ማለፍ ሲጀምር ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ማንጎው ሥር ሽማግሌዬ አረፉ። ጎረቤቴ ከቀብር ማግስት በአጥሩ ቆመች። «ዛሬ የት አደሩ?» ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችኝም። ሁለታችንም የቆምንበት አለቀስን።

እኔም ወደ እግሬ ተመለስኩ። የምሸጠው ባይኖረኝም እዞራለሁ፤ ሲሪንቃን ሳልፍ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ በሌላው ዳር ነው የማልፈው።

ዓመታት አልፈው ልጆቼ መኪናዋን ለአንድ የወልድያ መካኒክ ስጪው አሉኝ። ትሂድልኝ አልኩ። ሰውየው መጣ፣ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ። ባትሪ አሰረላት፣ ጎማ ነፋላት፣ ከኋላ ከፍቶ ሲነካካ ቆየና አስነሣት። ጥቂት ካሳለች በኋላ ዝም ብላ ታንጎራጉር ጀመር።

«እማማ፣ ደኅና ሞተር ነው ያላት። ምን ሆና ነው ያቆማችኋት?»

«ደክማ ነዋ ልጄ። ድልብን አትወጣም። ውሃ አጠጥተናት እንኳ እምቢ አለች።»

«ምኗን ነው ያጠጣችኋት?»

«ሞተሯን ነዋ። ሽማግሌዬ ናቸው በእጃቸው ያጠጧት፤ ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ሳቅ ብሎ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገቡ አስጠግቶ አሳየኝ።

«እማማ፣ ቮልስ ውሃ አይጠጣም። በነፋስ ነው የሚቀዘቅዝ። ይኸው ይዩት፣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የለውም።