ሺፋ የከለከለው እሸት

ሺፋ ዕድሜውን ሙሉ እሸት ከልክሎ አያውቅም። በመካነ ሰላም ዙሪያ ማንስ ከልክሎ ያውቃል? መንገደኛ ማሳ ዳር ቆሞ «እሸት አቅምሱኝ» ካለ ቂመኛም ቢሆን ይሰጡታል። የከለከለ ሰው፣ ክርስቲያን እስላሙ አብሮ በሚቀባበርበት ቅሬ መሐል፣ ቀና ብሎ አይቀመጥም።

ይህን ሰው አጥር አጣሪ ያደረገው ምናለ ነው። ምናለ ከዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጅ የተላከ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ደግ ልጅ፣ ማውራት ከጀመረ ግን ለትንፋሽ እንኳ የማያቆም! በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሲገባ የተሻሻለ ስንዴ ይዞ መጣና ከምንጩ ሥር ያለችውን የሺፋን ቁራሽ መሬት መረጠ። ገበሬው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ሠርቶ ማሳያ ትሁን አለ። በመስመር ዘሩ። መንደርተኛውም ስንዴ እንደ ሽንኩርት ተደርድሮ ሲያይ በሺፋ ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ቀርቶ ነበር፤ የክረምቱም ነሐሴ ሳያልቅ ቁርጥ አለ። የሰዉ ሁሉ ገብስ ቆሞ ደረቀ። ምንጩን እየጠለፉ ያጠጧት የሺፋ ማሳ ብቻ ለመለመች። ያን ጊዜ ደግሞ መንደሩ ለዘር ያስቀመጠውን እንኳ ቆልቶ ጨርሷል። ምናለ ቅሬውን ሰብስቦ ለመነ። ኮሌጁ ሌላ ዘር የለውም፤ ይህች ማሳ ሳትነካ ከደረሰች ለከርሞ ለየቤቱ ዘር ትሆናለች፤ ከተበላች ግን የጥቂት ቀን ጉርሻ ናት አለ። ሰዉ ተስማማ። ሺፋም በሁሉ ፊት «ወላሂ አላስነካም» ብሎ ማለ። ምነው ያን ጊዜ አፉን በያዘው!

መስከረም ጠብቶ ስንዴው ፍሬ ሲቋጥር መንገደኛው በዛ። ወደ አቀስታ፣ ከዚያም ወደ ደሴ የሚሰደደው ሁሉ በዚያች ማሳ ዳር ነው የሚያልፈው። ሺፋ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን እያስቆመ ያስረዳ ነበር። ኧረ ማን ሊሰማው! የራበው ሰው ስለ ከርሞ ምን ገዶት? ኋላ ኋላ ሰው ሲመጣ ሲያይ ቁጥቋጦ ሥር መደበቅ ጀመረ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ በገዛ መሬቱ እንደ ሌባ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ኑርጃን ሳማ ቀቅላ ትጠብቀዋለች። እሷም አንድ ዘለላ ጠይቃው ከልክሏታል፤ ከዚያ ወዲህ ሳማውን ታቀርብለትና ፊቷን ታዞራለች።

ቢሰጥ መሐላውን መብላት ነው፤ መንደሩንም ዘር መንሳት። ባይሰጥ ሰው ዓይኑ እያየ ይረግፋል። ጨነቀው፤ ሲብስበት ምናለ ከመሐላው ይፍታኝ ብሎ መካነ ሰላም ድረስ ሄደ። ምናለም ከስቶ፣ ጠቁሮ አገኘው።

«እኔም የማደርገውን አላውቅም ጋሼ ሺፋ» አለው። «ዘሩ ካለቀ ግን ለከርሞ ማንም አይተርፍም።»

አንድ ጠዋት አድማሴ መጣ። አድማሴ ጎረቤቱ ነው፤ በወንፈል አብሮት ያረሰ፣ አባቱንም የቀበረለት ሰው። ከሚስቱ ከአስቻለች ጋር ጓዙን ሸክፎ ወደ ደሴ ሊሰደድ ነው። አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ስለ ሞቱት በሬዎቹ አወራ፤ ስለ ሰማዩ አወራ፤ እሸት ስጠኝ ግን አላለም። ቢለምነው ኖሮ ሺፋ ወይ ይሰጠው ነበር፣ ወይ እንደሌሎቹ እምቢ ይለው ነበር። ዝም ሲለው እጁም ምላሱም አልታዘዝ አለው። አድማሴ «በል ደህና ሁን፣ አላህ ያክብርህ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ሺፋ እስከ ቀትር እዚያው ቆሞ ቀረ፤ በራሱ አፈረ።

ኅዳር ላይ ስንዴው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ሺፋና ኑርጃንም ጎተራው አጠገብ ተኝተው ሳማቸውን እየበሉ ከረሙ።

በሰኔ፣ አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ ሹማምንቱን እያሰረ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ምናለ ዘሩን ሊያከፋፍል መጣ። ከመንደሩ ቤቶች ግማሾቹ ዝግ ናቸው። የተረፈው እየመጣ ተቀበለ። ወደ ማታ አስቻለች ብቻዋን መጣች። ብቻዋን! ሺፋ ገና ሲያያት ገባው። በሰደበችኝ ብሎ ተመኘ።

እሷ ግን አልሰደበችውም። ድርሻዋን ሰፈረላት፣ የራሱንም ጨመረበት፤ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለች። አድማሴ አቀስታ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወድቆ መቅረቱን ነገረችው።

«መንገደኛው ሁሉ ሲያማህ እሱ ይሟገትልህ ነበር፣ አያ ሺፋ» አለችው። «‹እሸቱን ቢያቀምሰኝ ለከርሞ ምን እዘራለሁ?› ይላቸው ነበር።»