ወደ ግራ የሚያየው ሰስ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አሕመዲንን የማያውቅ ሙሽራ የለም። ፎቶ ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ዳር ናት፤ መታወቂያ የሚያወጣም፣ ኒካህ ያሰረም በእሷ በር ያልፋል። ልቡ ግን ከሙሽራ ጋር ሆኖ አያውቅም። ልቡ ከአውሬ ጋር ነው። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ካሜራውን አንግቶ ይወጣል፤ በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ የተጋደመ አርጃኖ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ጭቃ ላይ ጉሮሮዋን የነፋች እንቁራሪት፣ በአምባሰል ገደል ፀሐይ የሚሞቅ ሽኮኮ ፍለጋ። ከጎዳናው ዳር የሚቆሙት ሹፌሮች፣ ሴት ወይዘሮ ተኳኩላ ቆማ እያለች እንቁራሪት የሚያሳምር እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም፣ እንቁራሪት ፎቶዬ አላማረም ብላ አትመልስም ይላቸዋል።

ሚስቱ ሂንድ፣ አላህ ይርሐማት፣ ከአምባሰል ገደል ሥር የተወለደች ነበረች። ያገሯን መንገድ የምታውቀው እሷ ስለሆነች አብራው ትወጣለች። አንድ ብልሃት ነበራት። አውሬ ሰው ካየ ይሸሻል፤ ድምፅ ሰምቶ ሰውየውን ያጣው እንደሆነ ግን ቆሞ ይፈልጋል። እናም ከአሕመዲን በስተግራ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ትቀመጥና ዝቅ ባለ ድምፅ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች። ሰሱ፣ ያ በሰኮናው ጫፍ ድንጋይ ላይ የሚቆመው ትንሽ የገደል ሚዳቋ፣ ጆሮውን ቀስሮ ባለበት ይደርቃል። ያኔ አሕመዲን ቀጭ አድርጎ ያነሳዋል።

ምን ዋጋ አለው፣ አንገቱን ወደ አንቺ ያዞርብኛል እያለ ያማርር ነበር። ደሴ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛውም፣ አውሬዎችህ ዓይናቸው ሁሉ ወደ ጎን ነው ብሎ አጣጥሎበታል።

አንድ ማለዳ ሂንድ ከቋጥኙ ጥግ፣ "እስቲ እንዲህ ሳንጎራጉር አንዴ ካሜራውን ወደዚህ አዙረው" አለችው።

"ነገ" አላት፣ ዓይኑን ከሌንሱ ሳያነሳ። "ሰሱ ይሄድብኛል።"

በሌላ ጊዜም ጠየቀችው፤ አሁንም ነገ አላት። የወሎ ሴት ቅሬታዋን እንዲሁ በደረቁ አትናገርም። ዜማውን ሳትሰብር እንዲህ ስትል ጨመረችበት፦

የገደል ሰስ እንኳ ዜማ ሰምቶ አየኝ፣
የጎኔ ሰው ብቻ ነገ እያለ አቆየኝ።

አሕመዲን ሳቀ። ሳቁ ሰሱን አስበረገገውና መልሶ እሷን ወቀሳት።

ከዚያ ጉሮሮዋን አመማት። መጀመሪያ ድምፅዋ ሻከረ፤ ለሕክምና ደሴም አዲስ አበባም ተመላለሱ፤ እየዋለ እያደረ ጭራሽ ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ ገደሉ ድረስ የወጡ ለት፣ አንተ ዝፈን ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ዘፈነ። ድንጋዩን ሞልቶ የነበረው ሽኮኮ በአንድ አፍታ ተበታትኖ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ሂንድ ድምፅ በሌለው ሳቅ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያንንም አላነሳውም። ካሜራው የዞረው ወደ ገደሉ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ሰደቃዋ ከወጣ በኋላ እናቷ ሰሚሃ ከውጫሌ ተነሥተው ፎቶ ቤቱ መጡ። የመጡበት ጉዳይ አንድ ነው፤ የልጃቸው ፎቶ፣ ስታንጎራጉር የተነሳችው። ድምፅዋ ከጆሮዬ ሳይጠፋ አፏን እያየሁ ልያዘው አሉት። አሕመዲን የመታወቂያዋን አወጣ።

"ይቺማ ቀበሌ የምትሄደዋ ሂንድ ናት" አሉ ሰሚሃ።

የሠርጓን አወጣ። እዚያም እንደ ወጉ አንገቷን ደፍታ፣ ተከናንባለች። መሳቢያውን ደግሞ ደጋግሞ ከፈተ፤ የሌለ ነገር እንደሆነ እያወቀ። ሰሚሃ ይህን ጊዜ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ ከዳር እስከ ዳር አውሬ ነው።

"የዱሩን ሁሉ ሰብስበህ፣ ልጄን ብቻ አጣህልኝ?"

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሰሚሃ ተነሥተው ደጃፉ ላይ ደረሱና ቆም አሉ። ተመለሱ። "ምነው እኒህ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያያሉ? ከዚያ ምን አለ?"

"ሂንድ ናት፣ እማማ። እያንጎራጎረች።"

ይህን ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው እሱም የሰማው። እያጣጣለ የሰቀለው እንከን ሁሉ፣ የዞረው አንገት ሁሉ፣ የተቀሰረው ጆሮ ሁሉ፣ እሷ ነበረች።

ሰሚሃ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ወደ ሰሱ ፎቶ ተጠግተው ጆሮውን በጣታቸው ነኩት። "ይሄን ስጠኝ" አሉ። "እሱ እንኳ ሰምቷታል።"

ከነክፈፉ አውርዶ በጋዜጣ ጠቀለለላቸውና እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው።

በማግሥቱ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ አምባሰል ወጣ። ካሜራውን በሦስት እግሩ እንደ ወትሮው ተከለና፣ ትቶት ወደ ቋጥኙ ጀርባ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ሲመላለስ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ተቀመጠ። ቀና ቢል ሰሱ የሚቆምበት ገደል የለም፤ ቋጥኙ ጋርዶታል። ተንጠራራ፤ ጎንበስም አለ። አይታይም።

ሂንድ እዚህ ተቀምጣ ስታንጎራጉር አንድም ቀን ሰስ አላየችም ነበር።

ከዚያ የሚታየው እሱ የሚቀመጥባት ቦታ ብቻ ናት። ሣሯ እንደተኛ ነው። በላዩም ካሜራው ቆሟል፤ ፊቱን ለገደሉ፣ ጎኑን ለእሷ ሰጥቶ።

በአገራቸው ግጥም ተቀብሎ ዝም አይባልም፤ በግጥም ይመለሳል። አሕመዲን ያን የነገ ግጥሟን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ይህን ጊዜ ከቋጥኙ ማዶ፣ ድንጋይ ላይ፣ ቋ ቋ የሚል ኮቴ ሰማ። ሰሱ መጥቶ ቆመ። አሕመዲን ግን ድምፁ አልወጣለትም። ሰሱም ጥቂት ጠበቀና፣ የሚሰማው ሲያጣ፣ ኮቴው እየራቀ ሄደ።