ሳይቀርብ የቀረው ረቂቅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ የፓርላማው የጎን በር ላይ ተቀበሉኝ። በስደት በምንኖርበት ክፍለ ግዛት ታችኛው ምክር ቤት የመንግሥት ጉዳዮች መሪ ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው።

«ጥሩ የሚናገር እዚህ ሞልቷል» አሉኝ። «የእኛ ሥራ የትኛው ረቂቅ ሕግ መቼ እንደሚቀርብ መወሰን ነው።»

ሰኞ ድምፅ ከሚቆጥረው የፓርቲው ተጠሪ ጋር ይቀመጣሉ። ማን ታመመ፣ ማን አኮረፈ ይባላል። ማክሰኞ የሳምንቱ ፕሮግራም ይጸድቃል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ደወል ተደውሎ በፕሮግራሙ ባለው ሁሉ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባ አይነሳም።

እትዬ አልማዝን ያወቅኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። ፊትዝሮይ በሚባለው ሰፈር፣ የመንግሥት የኪራይ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ያሬድ በሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ተገልብጦበት ሞተ። ስለ አሟሟቱ በተደረገው ምርመራ ላይ እናቱ ቃላቸውን የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ይህን የሚያስተካክል ረቂቅ መንግሥታችን አዘጋጀ። እሳቸውም ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር እየመጡ የእንግዶች ሰገነት ላይ ይቀመጡ ነበር።

ከምርጫው በፊት በነበረው የመጨረሻ ሳምንት ሁለት አባሎቻችን ረቂቁን አንደግፍም አሉ። አለቃዬ ከፕሮግራሙ አወጡት።

«ይቅረብና ይሸነፍ» አልኳቸው።

«ከተሸነፈ ማንም ደግሞ አይነካውም። ለሚቀጥለው ምክር ቤት ይቆይ።» ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሐሙስ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው እትዬ አልማዝ የሆነውን አልተረዱም።

«ተሸነፍን፣ ልጄ?»

«አልተሸነፍንም፣ እትዬ። ሳይቀርብ ቀረ።»

«ታዲያ የያሬድ ነገር ጭራሽ አልተነሳም?»

«አልተነሳም።»

ቦርሳቸውን አንስተው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። ልደግፋቸው ብል እጄን አልያዙም።

በምርጫው ተሸነፍን። አዲሱ መንግሥት ረቂቁን አላነሳውም። እትዬ አልማዝ ከከተማው ዳር ታርኔት የሚባል ሰፈር ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ፤ እዚያው አረፉ።

ለቅሶው ላይ አለቃዬ መጡ። ሥልጣኑ ቀርቷል፤ መኪናቸውን ራሳቸው ነድተው ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው «ምን ልበላቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምንም አይበሉ። ይቀመጡ።»

ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጡ። የእትዬ አልማዝ ልጅ ማን እንደሆኑ ታውቃለች። ምግብ በሳህን አድርጋ ሰጠቻቸው። ሳይቀምሱት ጉልበታቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ አለቀሱ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ተሸንፎ የወደቀ ረቂቅ በቃለ ጉባኤው ላይ ይገኛል፤ ማን እንደደገፈው፣ ማን እንደተቃወመው ይታያል። ተራ ያጣው አይገኝም። ለሚጠብቀው ሰው ሁለቱ አንድ አይደሉም።