ከምሥራቁ መስኮት የጎደለችው

ተናኘ፣ ባሕሩ በየቀኑ መስታወት ላይ የሚተፋውን ጨው በኮምጣጤና በሙቅ ውሃ ታሻለች። ከላይ ወደ ታች፣ ጥጋጥጉን በጥፍሯ። ጅዳ፣ ኦብሑር ሰፈር፣ እዚህ ቪላ በሠራተኝነት ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጨውም አልሰለቸው፣ እሷም አልሰለቻት። ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ የለም።

ስልኩ ሲጮኽ እጇን በሽርጧ አደራርቃ አነሳችው። ታናሽ ወንድሟ ጥሩነህ ነው፤ ላስታ ውስጥ የቀያቸውን የጥንት ማርያም ፍርስራሽ የሚጠብቀው። ጣራው ከወደቀ፣ ታቦቱም ወደ አዲሱ ሕንጻ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን ቅርስ ተብሎ ታጥሯል፤ ባለሙያዎችም ድንጋዩን አንድ በአንድ ቁጥር እየጻፉበት ነው።

«እታለም፣ ድፍን አገሩ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመለስ ብታይ! የወሰደ ይመልስ ብለው አባ ምናሴ ገዘቱ። ገዝተው ሲያበቁ ቤታቸው ሄደው የገዛ ደጃፋቸውን መርገጫ ነቅለው አመጡ።»

«ኧረ በማርያም!» ሳቀች።

«ሁሉም ተገኘ። የምሥራቁ መስኮት መስቀል አንድ ክንዱ ብቻ ጎደለ። ጣት ብታህል ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ጠባቂው ለቱሪስት ሸጣት ይሉኛል። ሰው ሰላምታ ነሥቶኛል።»

«ማርያም ታውጣህ» ብላ ዘጋችው።

ክንዲቱ አልጋዋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ በነጠላ ጥለት ተጠቅልላ አለች። አገር የለቀቀች ዕለት ልትሳለም ሄዳ ሣር ላይ ወድቃ አገኘቻትና ለበረከት ያዘቻት። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር እሑድ እሑድ ግንባሯን የምታስነካው እሷን ነው። አንድ ጊዜ ታማ ሦስት ቀን ስትተኛ በጭብጧ ይዛት ሰነበተች፤ ድንጋይ ሰው ሲይዘው እንደሚሞቅ ያን ጊዜ አወቀች።

እዚያው ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር የምትኖረው የአገሯ ልጅ ስንቅነሽ ቅዳሜ ጠቅልላ አገር ቤት ትገባለች። ተናኘ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለጥሩነህ እንድታደርስላት ለመነቻት። «ዓርብ እስከ ዐሥር ሰዓት አምጪ፤ ሻንጣዬን ከዘጋሁ ኸላስ፣ አበቃ» አለቻት ስንቅነሽ።

ዓርብ ማዳም እንድትወጣ ፈቀደችላት። ሹፌሩ አናስ መኪናውን አስነሥቶ በዐረብኛ ተጣራ፦ «ያላ ኻላ፣ ቶሎ በይ አክስቴ! ልትዳሪ ነው እንዴ እንዲህ የምትኳኳይው?»

ተናኘ ዓባያዋን ለብሳ ክፍሏ ውስጥ ቆማለች። ድንጋዪቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አወጣቻት፣ ሳመቻት፣ እንደገና ከተተች። ይህች ብትመለስ የጥሩነህ ስም ይጸዳል፤ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ደግሞ የፊታችን እሑድ ታሰባት፤ ነጩ ግድግዳና ባዶ መዳፏ።

መስኮቱን ከፈተች። «ራሴን አሞኛል፤ ይቅር» አለችው።

አናስ ሞተሩን አጠፋ። በዐሥር ሰዓት ስንቅነሽ ደወለች፤ አላነሣችም። ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣላት፦ «ሻንጣው ተዘጋ እኮ፣ ተናኘ። ምን ነበር የምትልኪው?»

በኒ ማሊክ ሳትሄድ ዓርቡ መሸ።