ለግድግዳው አትንገሪ

ዳውንታውን ያለው የነርሲንግ ትምህርት ቤታችን በሽተኛ መስለው የሚተውኑ ሰዎችን ይቀጥራል፤ እኛ ተማሪዎቹ በእነሱ ላይ እንለማመዳለን። ዛሬ የደረሱን ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው። የሆስፒታል ጋውን ለብሰዋል፤ ከንፈራቸውን ግን ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብተዋል።

በአገራቸው መድረክ ላይ ንግሥት ሆነው ይተውኑ እንደነበር አስተማሪያችን ነገረችን። አሜሪካ ሲመጡ ግን በአነጋገራቸው የተነሳ ፊልም ሠሪዎቹ የናዚ መኮንን ሚስት ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ አልሰጧቸውም።

"ሻይ የምትቀዳ ሚስት" አሉ አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው።

የዛሬው ልምምድ ከመኪና አደጋ ተርፈው ለተኙ ሚስት የባላቸውን ሞት መንገር ነው። ጓደኛዬ ናርዲ ገባችና ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል "አይ አም ሶሪ፣ ባለቤትዎ አርፈዋል" አለች።

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ገፍተው ቁጭ አሉ። "ለማን ነው የምትነግሪው? ለግድግዳው?"

"ስክሪፕቱ ላይ እኮ..."

"ስክሪፕቱን እኔም አውቀዋለሁ። እኔን እዪኝ።"

አስተማሪያችን ልታበርዳቸው ሞከረች፤ አልሰሟትም። ቁጣቸው የትወና እንዳልሆነ ገባን።

"የእኔ ባል እዚሁ ከተማ ነው የሞተው" አሉ። "ሐኪሙ የነገረኝ ኮምፒውተሩን እያየ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም።"

ከዚያ ተመልሰው ጋደም አሉና ናርዲን "ውጪና አንኳኩተሽ ግቢ" አሏት።

ናርዲ ወጥታ አንኳኳች። በሩ ሲከፈት አልጋው ላይ የቅድሟ ቁጡ አሮጊት አልነበሩም። ባልሽ ደኅና ነው እስክትባል የምትጠብቅ ሚስት ነበረች።