በፎጣ የሚከፈት ውሃ

ትክክለኛ ስማቸውን ተከራዮቻቸው እንኳ የሚያውቁት አይመስልም። በሰፈሩ «እማማ አጥፉ» ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የድሮ ተከራይ ነው፤ እሱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ሴትዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ ኮሪደሩን እየተመላለሱ፣ የሰው በር በጣታቸው ቆርቆር እያደረጉ «አጥፉ! ያንን ነገር አጥፉት!» ማለት ሥራቸው ነበር። ካውያ ይሁን ቴሌቪዥን፣ የተሰካ ነገር ካዩ ዕረፍት የላቸውም። ተከራዮቹም ንፉግ ናቸው ብለው ያሟቸዋል። «የመብራት ሒሳቡ ከሥጋቸው ተቆርጦ የሚከፈል ነው የሚመስላቸው» ይላሉ። እሳቸው ሐሜቱ ጆሯቸው ይደርሳል፤ ሰምተው እንዳልሰማ ያልፋሉ። ፈሪ ከመባል ንፉግ መባል ይሻላል ብለው ነው።

እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር።

ቤቱን የሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሙያቸው አናጢነት ቢሆንም እጃቸው የማይገባበት ነገር አልነበረም። ግድግዳውን አቁመው፣ ጣሪያውን አልብሰው ሲያበቁ የመብራቱን ገመድም ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሆነው ራሳቸው ዘረጉት። እሳቸው በሕይወት ሳሉ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ሚስትየው ጉዳያቸው አልነበረም። «ኧረ ና ይሄን ነገርህን እየው!» ብለው ይጣራሉ፤ ባልየው ካቻቢቴያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ነገሩ ያልቃል። ከሞቱ በኋላ ግን ቤቱ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ወይም ድሮም ያወጣ ነበር፣ አሁን ነው የሰሙት። በመኝታ ቤታቸውና በኮሪደሩ መካከል ካለው ግድግዳ እንደ ንብ ቀፎ እምምም የሚል ነገር ይሰማል። የኮሪደሩ አምፖል ደግሞ ንፋስ እንዳገኘው ሻማ ይርገበገባል። እማማ አጥፉ ትራሳቸው ላይ ጋደም ባሉ ቁጥር ያንን ድምፅ ያዳምጣሉ። ገመዱ ግድግዳው ውስጥ ሲግል፣ ሲግል፣ አንድ ቀን ቤቱን ከነሰዉ ሲበላው ይታያቸዋል።

ለማን ይንገሩ? ባለሙያ ቢጠሩ «ይሄ ቤት አርጅቷል፣ ይፍረስ» የሚላቸው መሰላቸው። ከዚያ የባሰ ደግሞ አንዱ ደፋር መጥቶ «ይሄን የሠራው ምን ዓይነት ሰው ነው?» እንዳይል ፈሩ። ባላቸው ከመቃብር ተነስተው አይመልሱ። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብለው፣ በየበሩ «አጥፉ!» እያሉ ዓመታትን ገፉ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈሩ አለፈ። የሚከራዩ አሮጌ ቤቶች ሁሉ የመብራት መስመራቸው ሊመረመር ነው፤ ባለቤቶች በራችሁን ክፈቱ፤ ተከራዮችም ተባበሩ ይላል። እማማ አጥፉ በረንዳቸው ላይ የተሰጣ ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። የያዙትን አንሶላ ታቅፈው ባሉበት ቁጭ አሉ።

ያን ጊዜ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ውሎ መንገድ ላይ ያድራል። እሷ ደግሞ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ተቃርቧል። ያንን ሆድ ይዛ ቤት ስትፈልግ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። «ሕፃን ያለቅሳል»፣ «ውሃ ይበዛል» እያሉ ሁሉም ሲመልሷት «ግቢ ልጄ» ያሏት እማማ አጥፉ ብቻ ናቸው። ክፍሏ ጠባብ ቢሆንም የራሷ መታጠቢያ አለው። መታጠቢያው ውስጥ ያለውን የውሃ ማሞቂያ የገጠመው ባልየው ከሞቱ በኋላ የመጣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ገጥሞ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያየው የለም።

ምርመራው ከመድረሱ በፊት እማማ አጥፉ ወደ ጓሮ ዞሩ።

«ስሚ ልጄ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ መርማሪ ይመጣል አሉ። ከጠየቀሽ ቤቱ ደህና ነው በይ። ቤቱ ከታሸገብን እኔም አንቺም ሜዳ ላይ ነን።»

«ምን እላለሁ እማማ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ እሷም የራሷን ሥጋት እየዋጠች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ተስማሙ። ሁለቱም አንዳቸው ከሌላቸው የሚደብቁት ነገር እንዳለ ግን አላወቁም።

በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ እማማ አጥፉ ኮስታራ ባለሥልጣን ጠብቀው ነበር። ደጃፉ ላይ የቆመችው ግን ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች፣ መሰላል በትከሻዋ የያዘች ጎልማሳ ሴት ናት።

«መርማሪው የታለ?» አሉ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ እየፈለጉ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አንቺ? መሰላሉንስ ማን ይይዝልሻል?»

«እርስዎ ነዎታ!» አለችና ገባች።

እማማ አጥፉ ሳይወዱ በግዳቸው ሳቁ። መሰላሉን ያዙ። ሴትዮዋ ወጥታ የኮሪደሩን አምፖል ፈታች፣ የሚታሰርበትን ሆልደር አየች፣ በካቻቢቴ ሁለት ሦስቴ አጠበቀችና መልሳ ገጠመችው። «አብሩት» አለች። አምፖሉ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ በራ።

«በቃ?»

«በቃ። ብሎኑ ላልቶ ነው።»

እማማ አጥፉ አላመኑም። ጥቂት አንጋጠው አዩት፤ አይርገበገብም። ይሄኔ ደፈር አሉና፣ ለሰው ተናግረውት የማያውቁትን፣ ግድግዳው ውስጥ ስለሚያጉረመርመው ነገር አወሩላት። ሴትዮዋ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን ሄዳ መዳፏን ክዳኑ ላይ ጫን አደረገች። ድምፁ ጸጥ አለ። እጇን አነሳች፤ ጀመረ።

«ይምጡ፣ እርስዎ ይጫኑት» አለቻቸው።

እማማ አጥፉ ጫኑት። ጸጥ። ለቀቁት። እምምም። እንደገና ጫኑት።

«የቆርቆሮ ክዳኑ ነው እማማ። አንደኛው ብሎን ወልቋል። ቆጣሪው በትንሹ ሲያጉረመርም ክዳኑ አብሮ ይዘፍናል።»

«ይሄ ነው?» አሉ። «ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ቆርቆሮ ነው?» ሳቃቸውን ሊይዙት አልቻሉም። ሴትዮዋም ሳቀች።

ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሴትዮዋ ኮርኒሱ ሥር ያለውን የገመድ መገናኛ ሳጥን ስትከፍት እማማ አጥፉ ፊታቸውን አዞሩ። ባላቸውን ሊሰድቡባቸው የመጡ ያህል ነው የተሰማቸው። መሰላሉ ላይ ያለችው ፊቷን ወደ ሳጥኑ አስጠጋች። በባትሪ አየች፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ባለቤቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና።»

«እጃቸው ይባረክ። አያያዙን ይዩት፣ አንድም የተንዘላዘለ የለም። ፕላስቲኩ ግን አርጅቷል፤ መቀየር አለበት። የመሬት ሽቦም የለውም፤ በዚያን ዘመን ብዙ ሰው አይዘረጋም ነበር። ኮረንቲ ከቦታው ካመለጠ በሰው ገላ ሳይሆን በዚያ ሽቦ አድርጎ መሬት ይገባል። እሱን ማስገባት ነው እንጂ ቤቱስ ደህና ነው።»

እማማ አጥፉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። ደረታቸው ላይ የተቀመጠ የወፍጮ ድንጋይ የተነሳላቸው ያህል ቀለላቸው። የቀረው የጓሮው ክፍል ብቻ ነው፤ የእሱ ማሞቂያ በኋላ የተገጠመ አዲስ ስለሆነ አያሰጋቸውም።

ፀጉር ሠሪዋ በሯን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ሴትዮዋ ሶኬቶቹን ከፈታተሸች በኋላ በኮርኒሱ አቧራ የጠቆሩ እጆቿን አየች። «እስቲ መጀመሪያ ልታጠብ» ብላ ወደ መታጠቢያው ገባ ስትል ፀጉር ሠሪዋ ያንን ሆዷን ይዛ ቀደመቻት።

«ቆዪ፣ እኔ ልክፈትልሽ!»

በር ሥር የተቀመጠውን የፕላስቲክ ጫማ ተጫማች። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ደረቅ ፎጣ አወረደች፤ እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለለችና ቧንቧውን ያዘች። የከፈተችው ፊቷን ዞር፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ነው።

እማማ አጥፉ ይሄን ፎጣ ከዚህ በፊትም አይተውታል። ጽዳት ታበዛለች ብለው አልፈውት ነበር። አሁን ግን ያ የልጅቷ ትከሻ አሳበቀባት። እሳቸው ራሳቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ትከሻቸው እንደዚያ ነው የሚሆነው።

«ተይ እስቲ» አሉ። «አንቺም ባለ መሰላሏ ቆዪ፣ እጅሽን ለውሃው እንዳትሰጂ። ልጄ፣ ለምንድን ነው በፎጣ የምትከፍቺው?»

«ልማድ ነው እማማ።»

«ልማድ አይደለም። ንገሪኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ መርማሪዋን አየች፣ እማማ አጥፉን አየች። ትናንት የተስማሙት ትዝ ብሏት አንገቷን ደፋች።

«ተናገሪ እንጂ!» አሉ እማማ አጥፉ። «የትናንቱን ተይው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ይነዝረኛል» አለች በቀስታ። «መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ ጣቴን ነው የሚቆነጥጠኝ። አሁን አሁን እስከ ክርኔ ይደርሳል።»

መርማሪዋ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «ማንም ምንም እንዳይነካ» አለች። ልጅቷን በክንዷ ይዛ ከመታጠቢያው አወጣቻት። ከኪሷ ቴስተር አውጥታ ጫፉን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ቴስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች።

ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም። ሴትዮዋ ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችና ተመልሳ የማሞቂያውን ክዳን ፈታች። ውስጡ ያለው አንዱ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። የመሬት ሽቦ ይሆን የነበረው ደግሞ በፒንሳ ተቆርጦ፣ እንደማያስፈልግ ነገር ተጠቅልሎ ጥግ ተወሽቋል። ሴትዮዋ ለሥራ ባልደረባዋ እንደምትናገር ሁሉ «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» እያለች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «እግዚአብሔር ይወድሻል» አለቻት። «ባዶ እግርሽን፣ ውሃ ላይ ቆመሽ በእርጥብ እጅሽ ይዘሽው ቢሆን አንቺም የሆድሽም አልነበራችሁም። ያተረፈሽ ይሄ ጫማና ይሄ ፎጣ ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እማማ አጥፉ ሲጠረጥሩ የኖሩት ሌላ፣ ሊመነጥር የተዘጋጀው ሌላ። የልጅቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

«ያስወጡኛል ብዬ ነዋ።»

«እኔ?»

«ሁልጊዜ አጥፉ፣ አጥፉ ይላሉ። ማሞቂያ አበዛሽ ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ። ሰዉ ሁሉ ደግሞ እማማ ገንዘብ ላይ...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ንፉግ ናቸው ይላል፣ አውቃለሁ።» እማማ አጥፉ እጇን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ንፉግስ አይደለሁም። ፈሪ ነኝ። ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ነው የምጮኸው። ያንን ብነግራችሁ ሁላችሁም ጥላችሁኝ የምትወጡ መስሎኝ።»

ልጅቷ ሳቅም ልቅሶም ባንዴ መጣባት። አሮጊቷም እንደዚያው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁና ሲስቁ መርማሪዋ ማሞቂያውን ነቅላ ጨርሳ ነበር። ይሄኔ ነው እማማ አጥፉ የፈሩትን የጠየቁት።

«እንግዲህ ቤቱ ይታሸጋል?»

«ቤቱ? ምን በወጣው!» አለች ሴትዮዋ፣ ማሞቂያውን እንደ ጆንያ ብብቷ ሥር ሸጉጣ። «የሚታሸገው ይሄ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ብቻ ነው። ልጅቷ እማማ አጥፉ ጋ ምድጃ ላይ ውሃ እያሞቀች ስትታጠብ ሰነበተች። ደህና ኤሌክትሪሺያን ተፈልጎ አሮጌው ገመድ ወጣ፣ አዲሱ ከነመሬት ሽቦው ገባ፤ ኮረንቲ ሲያመልጥ በራሱ የሚያጠፋ ማጥፊያም ተገጠመ። ባልየው የሠሩትን የእንጨት መገናኛ ሳጥን ግን እማማ አጥፉ አስጠርገው ለራሳቸው አስቀሩት። ሾፌሩ ከመንገድ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «እኔንም ይነዝረኝ ነበር እኮ» አለ። «የመሪው ድካም እጄ ላይ የቀረ መስሎኝ ነው።» ሚስቱ በትራስ መታችው።

ፀጉር ሠሪዋ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኗ አልቃሻ ሆነች፤ ደግነቱ እማማ አጥፉ እንቅልፍ ተመልሶላቸው ስለነበር አይሰሟትም።

መርማሪዋ ተመልሳ መጥታ አዲሱን ሥራ አይታ «አሁን ተመስገን ነው» ብላ ልትሄድ ስትል እማማ አጥፉ ሸኟት። የአጥር ጎረቤታቸው፣ እሷም እንደ እሳቸው ክፍል የምታከራይ ባልቴት፣ መርማሪ በመጣ ቁጥር ቤት የለሁም እያለች በሯን ትቆልፍ ነበር። እማማ አጥፉ መርማሪዋን ክንዷን ይዘው ወደዚያ በር ወሰዷትና በመዳፋቸው ደበደቡት።

«ክፈቺ! እኔ ነኝ!»

«ማን አለ ከአንቺ ጋር?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ሰው የምታድን ልጅ ናት። አይዞሽ፣ ቤትሽን ማንም አይነካብሽም። ይልቅ ተከራዮችሽን ጥሪያቸውና የሚነዝራቸው ነገር ካለ አንድ በአንድ ጠይቂያቸው፤ እንዳትቆጪያቸው ብቻ።»

የእግር ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ የበሩ መወርወሪያ ሲንሸራተት ተሰማ።